ኮምፒውተርህን ለማን ወከልክ?

ፉሪ ውስጥ፣ ከታክሲ ማዞሪያው ትንሽ ገባ ብላ አንዲት የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለች። ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ያረጀ ኮፒ ማሽን፣ በሩ ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ «ማመልከቻ እንጽፋለን» የሚል ወረቀት። ሦስቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት በሊኑክስ ሚንት ነው። ባለ ሱቁ ወደ ሊኑክስ የገባው ተመራምሮ አይደለም። ቀኑን ሙሉ የሰው ፍላሽ ሲሰካና ሲነቅል ይውላል፤ ዊንዶውስ የጫነ ጊዜ ቫይረስ አላስቀምጥ ብሎት ነው።

ሰሞኑን «ጋሼ፣ አፕዴት ሳደርግ ይሄን ማስጠንቀቂያ እያመጣ አስቸገረኝ» ብሎ ጠራኝ። መልእክቱ ከአንዱ ሪፖ፣ ፕሮግራም ከሚታደልበት ጎተራ፣ የመጣው ፊርማ ቁልፉ ጊዜው አልፎበታል ይላል። ባለ ሱቁ ልጅ መፍትሔውን አስቀድሞ አግኝቷል። ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው በላከለት መመሪያ መሠረት ከሪፖው አድራሻ ፊት በቅንፍ አንዲት «ትረስትድ» የምትል ቃል ጨምሮ «የስ» ማለት ብቻ ነው። እውነትም ማስጠንቀቂያው ይጠፋል። የሚጠፋው ግን ኮምፒውተሩ «ከዚህ አድራሻ የመጣውን ሁሉ ማኅተም ሳታይ አስገባ» ስለተባለ ነው።

ከመንካታችን በፊት ዝርዝሩን እንየው ብዬ ሪፖዎቹ የሚመዘገቡበትን ማኅደር ከፈትን። ዘጠኝ ፋይል አለ። አንዱ የሚንት የራሱ ነው። አራቱን ልጁ ያውቃቸዋል፤ የክሮም፣ የፕሪንተሩ፣ የአማርኛ መጻፊያው፣ የአንድ ቪዲዮ ማጫወቻ። የቀሩትን አራቱን ሲያይ አንገቱን ነቀነቀ። «እነዚህን ኮምፒውተሮቹን መጀመሪያ የጫነልኝ ልጅ ይሆናል ያስገባቸው።»

ይህ ዳሰሳ የእነዚያ አራት ፋይሎች ጉዳይ ነው። የሊኑክስ ስርጭቶች ከራሳቸው ጎተራ ውጭ ሌላ ሰው የከፈተውን ሪፖ እንድንጨምር ይፈቅዳሉ፤ ስንጨምር ግን ምን አሳልፈን እንደምንሰጥ አይነግሩንም። ዓመታቱን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ በእኛ አቆጣጠር ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ዋናው ጎተራ። ዊንዶውስ ላይ ያደገ ሰው ፕሮግራም ሲፈልግ ድረ ገጽ ለድረ ገጽ ይዞራል። ሊኑክስ ላይ ወጉ ሌላ ነው። በ1993 የተመሠረተው ዴቢያን፣ በ2004 ከእሱ የወጣው ኡቡንቱ፣ በሁለቱ ትከሻ ላይ የቆመው ሚንት፣ ሁሉም ፕሮግራም የሚያድሉት ከአንድ ቦታ ነው። ዴቢያን 12 ሲወጣ ጎተራው ውስጥ ከ64 ሺህ በላይ ፓኬጆች ነበሩ። እነዚህን የሚያዘጋጁት ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ናቸው፤ አዲስ አባል ሊገባ ሲል ነባሮቹ በአካል አግኝተው መታወቂያውን አይተው ቁልፉን ይፈርሙለታል። ዋስ መጥራት እንደማለት ነው።

ደብዳቤ ያለ ቲተርና ያለ ክብ ማኅተም ተራ ወረቀት እንደሆነ እዚህ አገር ለማንም አይነገርም። ሶፍትዌሩን የሚያመጣልን አፕትም የሚሠራው በዚሁ ነው። ጎተራው አንድ ዋና ዝርዝር ያወጣና በቁልፉ ያትመዋል። በዚያ ዝርዝር ውስጥ የሌሎች ዝርዝሮች የጣት አሻራ አለ፤ በእነሱም ውስጥ የእያንዳንዱ ፓኬጅ አሻራ። ከአንዱ ፓኬጅ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው አይገጥምም፣ አፕትም አይቀበልም። ዴቢያን ይህን አሠራር የያዘው በ2007 ከወጣው 4.0 እትም ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው እምነት ባዶ እምነት ነበር።

ማኅተሙ የጎተራው ስለሆነ ፓኬጁን ያመላለሰው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ይቀላል። የጎተራውን ግልባጭ የሚያድሉ ሚረሮች በየአገሩ አሉ፤ ሚረሩ ሌባ ቢሆን እንኳ የታተመውን መቀየር አይችልም። የዴቢያን ፓኬጆች ለረጅም ዘመን ባልተመሰጠረ መስመር ሲጓዙ የኖሩትም በዚህ መተማመኛ ነው። መተማመኛው አንዴ ተሰንጥቋል። በጃንዋሪ 2019 ማክስ ጀስቲች የተባለ ተመራማሪ መስመሩ ላይ የተቀመጠ ሰው አፕትን ራሱን አታልሎ የፈለገውን ማስጫን እንደሚችል አሳየ። ስህተቱ ወዲያው ታረመ፤ «ማኅተሙ ካለ መስመሩ ምን ቸገረን» ይሉ የነበሩት ሰዎች ግን ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ለዘብ ብሏል።

ሌላው ቀዳዳ ይበልጥ የሚገባን ዓይነት ነው። በ2008 የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሐሰት ስም ሰርቨር ተከራይተው ለታወቁ ስርጭቶች ሚረር እንሁን ብለው አመለከቱና ተፈቀደላቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮች ወደ እነሱ መጡ። ጉዳት አላደረሱም፤ ሊያሳዩ የፈለጉት ክፉ ሚረር ማኅተሙን ሳይሰብር አሮጌ ዝርዝር እያሳየ ሰውን ቀዳዳው ባልተደፈነ እትም ላይ ሊያስቀር መቻሉን ነው። ማኅተሙ እውነተኛ ነው፣ ደብዳቤው ግን ያምናው ነው። ዛሬ በብዙ ዝርዝሮች ላይ «እስከዚህ ቀን ድረስ ያገለግላል» የሚል መስመር የሚጻፈው ለዚህ ነው።

ታዲያ እንዲህ የተጠበቀ ጎተራ እያለ ሰው ለምን ውጭ ይሄዳል? ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ዋናው ጎተራ አንድ እትም ሲወጣ የፕሮግራሞቹን ዕድሜ እዚያው ያቆማል፤ የደኅንነት ጥገና ይሰጣል እንጂ አዲስ ነገር ብዙም አያስገባም። ባለቤቶቹ ኮዱን ያልከፈቱት ፕሮግራም ደግሞ ብዙውን ጊዜ እዚያ አይገባም። ክሮምን ስትጭን የጉግል ሪፖና ቁልፍ አብሮ ይገባል፤ በማውረጃው ገጽ ላይ ተነግሮሃል፣ በደቃቅ ጽሑፍ። ሲግናል የራሱ ሪፖ አለው። ኡቡንቱ 22.04 ፋየርፎክስን ስናፕ ወደተባለው የራሱ የማሸጊያ ዓይነት ሲያዞረው ብዙ ሰው ተቆጥቶ ወደ ሞዚላ ፒፒኤ (የግል የፓኬጅ ሪፖ) ሄደ፤ ሞዚላም በ2024 መጀመሪያ የራሱን ሪፖ ለሁሉም ከፈተ። ብሮውዘርን ከሠራው እጅ በቀጥታ መቀበል በእኔ ሚዛን አደጋ አይደለም፤ ለብሮውዘር እንዲያውም ፍጥነቱ ደኅንነት ነው።

ፉሪ ላይ ደግሞ የራሳችን ምክንያት አለን። አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የመጣው ኪቦርድ ይበቃዋል። ለአማርኛው መጻፊያ ያስፈልጋል። በዋናው ጎተራ ውስጥ አይባስ በተባለው የመጻፊያ ሥርዓት በኩል የሚሠራ የሴራ አጻጻፍ አለ፤ አቢሲኒካ የተባለው የኤስአይኤል ፊደልም አለ። በፓወር ግዕዝ እጁ የለመደ ጸሐፊ ግን እሱን አይወድም፣ ኪማንን ይፈልጋል። ኪማን በዋናው ጎተራም አለ፤ አዲሱ እትም ቶሎ የሚገኘው አዘጋጆቹ ላውንችፓድ በተባለው መድረክ ላይ ከከፈቱት ፒፒኤ ነው። ባለ ሱቁም ያንን ጨመረ። የምወቅስበት ነገር የለም። ኪቦርድ ግን የምትጽፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልህንም ጭምር የሚያይ ፕሮግራም ስለሆነ ከየትም የሚለቀም ዕቃ አይደለም።

ፒፒኤን ብዙ ሰው የኡቡንቱ ቅርንጫፍ አድርጎ ያየዋል። ላውንችፓድ አገልግሎቱን የጀመረው በ2007 ነው፤ መለያ አውጥቶ የማኅበረሰቡን የሥነ ምግባር ደንብ የፈረመ ማንኛውም ሰው ይከፍታል። ኮዱን የሚገነባው ላውንችፓድ ነው፣ ማኅተሙንም አውጥቶ የሚያትምለት እሱ። ይዘቱን ግን ማንም አይመረምርለትም። ማኅተሙ የሚለው «ይህ ከእገሌ ፒፒኤ የመጣ ነው» ብቻ ነው። እገሌ ማን ነው? እሱ ላይ ማኅተሙ ዝም ይላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሪፖ የሚጨምር ሰው ዕቃ የገዛ ይመስለዋል። አንድ ቪዲዮ ማጫወቻ ፈልጎ፣ አንድ መስመር ገልብጦ፣ ማጫወቻውን አገኘ፣ አለቀ። አላለቀም፤ ያደረገው ውክልና መስጠት ነው።

እኛ ሰፈር ውክልና ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። ሰበታም ይሁን ቡራዩ ወይም ሱሉልታ፣ በአዲስ አበባ ዙሪያ ቤትና ቦታ ስንት ጊዜ በውክልና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር አይተናል። እነዚህ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ ተብለው ሲጠቃለሉና ፉሪ ክፍለ ከተማ ሲሆን፣ ወረቀቱን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ያልተሯሯጠ ጥቂት ነው። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በዚህ ላይ ጠንቃቃ ነው። ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ሀብትህን ማስተዳደር ይችላል እንጂ ቤትህን መሸጥ አይችልም፤ ለመሸጥ ልዩ ሥልጣን በግልጽ ሊሰጠው ይገባል። ወካዩ በፈለገ ጊዜ ይሽረዋል። ተወካዩ ሲሞት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ውክልናውም አብሮ ይሞታል።

የሪፖው ውክልና ከዚህ ሁሉ የሰፋ ነው። ፓኬጅ ሲጫን አብረውት የሚመጡ ትንንሽ ስክሪፕቶች በሩት ሥልጣን ይሠራሉ፤ ሩት ማለት በዚያ ኮምፒውተር ላይ የማይከለከል ሰው ማለት ነው። ይህ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አይደለም፣ አፕዴት ባደረግህ ቁጥር ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ደግሞ ይሄ ነው፦ ለቪዲዮ ማጫወቻ ብለህ ያስገባኸው ሪፖ ማጫወቻ ብቻ እንዲያመጣ የሚያስገድደው ነገር የለም። አፕት ካልተነገረው በቀር ሪፖዎቹን በእኩል ዓይን ያያል፤ ከፍ ያለ ቁጥር ያለውን እትም ይወስዳል። ሪፖው ነገ «አዲስ ኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ ፕሮግራም) አለኝ» ቢል፣ ቁጥሩ ከዋናው ጎተራ ከበለጠ፣ የበርህን ቁልፍ የሚሠራልህ እሱ ሆነ። ቤት እንዲጠብቅ የወከልከው ዘበኛ ካርታውን በስሙ አዞረ እንደማለት ነው፣ በሕጋዊ መንገድ።

ለረጅም ዘመን ይብስ ነበር። አፕት ኪይ በተባለው ትእዛዝ የገባ ቁልፍ ሁሉ አንድ ሰፌድ ላይ ይጣልና ለሁሉም ሪፖ እኩል ያገለግል ነበር። የቪዲዮ ማጫወቻው ባለቤት ማኅተም በዋናው ጎተራ ደብዳቤ ላይ ቢመታ አፕት አይጠራጠርም። ዛሬ ትእዛዙ ከአገልግሎት ወጥቷል፤ በምትኩ እያንዳንዱ ሪፖ አጠገብ «የዚህን ማኅተም በዚህ ቁልፍ ብቻ መርምር» ተብሎ ይጻፋል። ጥሩ ነው። ማኅተሙን ከሌላ ሰው ደብዳቤ ላይ ያነሳዋል እንጂ ሩትነቱን ግን አይነካውም።

ይህ ሁሉ ሊሆን ይችላል የሚል ሥጋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወረቀት አላባክንም ነበር። በሴፕቴምበር 2023 ካስፐርስኪ ያወጣውን ምርመራ እንይ። ፍሪ ዳውንሎድ ማኔጀር የሚባል የታወቀ የማውረጃ ፕሮግራም አለ። በ2020 እና በ2022 መካከል ከድረ ገጹ የሊኑክሱን እትም ሊያወርዱ የመጡ አንዳንድ ሰዎች፣ ሁሉም ሳይሆኑ አንዳንዶቹ፣ ስሙ ወደሚመሳሰል ሌላ የዴቢያን ሪፖ ይመሩ ነበር። ከዚያ የሚመጣው ፓኬጅ ፕሮግራሙን በትክክል ይጭናል፤ በመጫኛው ስክሪፕት ውስጥ ግን ሁለት ፋይሎች በጊዜያዊ ማኅደር ደብቆ በየ10 ደቂቃው የሚነሳ ሥራ ይመዘግባል። የሚሰበስበው የብሮውዘር ታሪክ፣ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎች፣ የክሪፕቶ ቦርሳ ፋይሎች፣ የአማዞንና የጉግል ክላውድ መግቢያዎች ነበር።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ኮምፒውተራቸው የተበከለባቸው ሰዎች በዚያው ዘመን ኢንተርኔት ላይ ስለዚያ እንግዳ ፋይልና ስለሚያመጣው ችግር ይጠያየቁ ነበር። አንዱ ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ይንጠለጠልበታል፣ ሌላው ፋይሉ ምን እንደሆነ ግራ ገብቶታል። ሌብነት ነው ብሎ የጠረጠረ ግን አልተገኘም፤ ሊኑክስ ነዋ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለካ ለተርሚናል ሰውም ይሠራል።

ወደ ፉሪዋ ሱቅ አምጥተን እንየው። ሊያሠሩ የመጡ ሰዎች የመታወቂያ ቅጂ፣ የቤት ካርታ ስካን፣ የሥራ ማመልከቻ፣ የፋይዳ ወረቀት፣ ሁሉም በማውረጃው ማኅደር ውስጥ ተከምሯል፤ ሰው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል፣ ፋይሉ ይቀራል። እንዲህ ያለው ሌባ እዚያ ቤት ቢገባ የሚዘርፈው ባለ ሱቁን ብቻ አይደለም፤ ግማሽ ሰፈሩን ነው።

ተወካዩ ሲሞት ውክልናው ይሞታል ብያለሁ። ሪፖ ላይ እንደዚያ አይደለም፤ ውክልናው ወራሽ ያገኛል፣ ወራሹን የምትመርጠው ግን አንተ አይደለህም። ዴቢያን መልቲሚዲያ የሚባል ለዘመናት የታመነ የውጭ ሪፖ ነበር። በኋላ ስሙንና አድራሻውን ቀየረ፣ የቀድሞው የድረ ገጽ ስም ጊዜው አለፈበት። በጁን 2013 ዴቢያን ራሱ «ያንን አድራሻ አሁን የያዘው የማናውቀው ሰው ነው፣ ከዝርዝራችሁ አውጡት» ብሎ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ስንት ኮምፒውተር ላይ ያ አድራሻ እስከዚያ ቀን ድረስ ተጽፎ እንደነበር አስቡት። ማኅተሙ ስለማይገጥም አዲሱ ባለቤት በቀላሉ መግባት አይችልም፣ ልክ ነው፤ ግን ማስጠንቀቂያ ሲያይ «ትረስትድ የስ» ብሎ የሚያልፈው ሰው ስንት ነው? እኔ በዓይኔ አንዱን አይቻለሁ።

አርች ሊኑክስ ላይ ደግሞ ውርሱ በይፋ ነው። ኤዩአር በሚባለው የተጠቃሚዎች ስብስብ ውስጥ ባለቤቱ የተወው ፓኬጅ «ወላጅ አልባ» ይባልና የፈለገ ያሳድገዋል። በጁላይ 2018 አንድ ሰው የተተወውን የአክሮባት ሪደር ፓኬጅ «አሳድጋለሁ» ብሎ ወስዶ የስለላ ስክሪፕት ጨመረበት። በጁላይ 2025 ደግሞ ፋየርፎክስን የመሳሰሉ ብሮውዘሮችን «እናስተካክላለን» የሚሉ ሦስት ፓኬጆች ከርቀት ኮምፒውተር የሚቆጣጠር ፕሮግራም ይዘው ገቡ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተነቀሉ። የኤዩአር ሰዎች «አንብባችሁ ጫኑ» ብለው ደጋግመው ይናገራሉ። የሚያነብ ግን ትንሽ ነው፣ እኔንም ጨምሮ።

የራሳችንን አገር ስናይ ጎልቶ የሚታየው ኮሃ ነው። ኮሃ የቤተ መጻሕፍት ሥራ ማከናወኛ ነው፤ በአገራችንም የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀሙበታል። መነሻው ኒውዚላንድ ሲሆን፣ ለሆሮፌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ በ2000 መጀመሪያ ሥራ ጀመረ። ስሙ በማኦሪ ቋንቋ ስጦታ ማለት ነው። የአጫጫን መመሪያው የሚጀምረው የኮሃን የራሱን ሪፖና ቁልፍ ጨምሩ ብሎ ነው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ስም፣ የተዋሱት መጽሐፍ፣ ቅጣታቸው፣ ሁሉም ያለበት ሰርቨር ለዚያ ሪፖ ውክልና ሰጥቷል ማለት ነው።

ኮሃ ራሱ ደግሞ የስም ጠብ አይቷል። የመጀመሪያው የድረ ገጽ ስም ላይብላይም በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ እጅ ነበር፤ በ2010 ያንን ኩባንያ ሌላ ኩባንያ ገዛው። ፕሮግራሙን የሚሠሩት ሰዎች ስሙን ማስመለስ ስላልቻሉ «ኮሃ ኮሚዩኒቲ» የሚል አዲስ አድራሻ ከፈቱ፤ ዛሬ ሪፖው የሚገኘው እዚያ ነው። በ2011 ደግሞ የንግድ ምልክቱ በዚያው በኒውዚላንድ አከራከረ። ማንም ማንንም በቫይረስ አልከሰሰም። ቢሆንም ሠሪው አንድ ቦታ፣ ስሙ ሌላ ቦታ ሊሆን መቻሉን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። በዚያ ጊዜ «ዋናው ኮሃ» ብሎ የሚፈልግ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚያገኘው የትኛውን ነበር?

ሐሰተኛ «አድሱ» የሚል ጥሪም ለኢትዮጵያውያን አዲስ አይደለም። በዲሴምበር 2017 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ ባወጣው ሪፖርት፣ በውጭ የሚኖሩ ተቃዋሚዎችና የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክ ሰዎች፣ ጃዋር መሐመድን ጨምሮ፣ ቪዲዮ የያዘ የሚመስል ኢሜይል ይላክላቸው ነበር። ሲከፍቱት «ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ» ይላል፤ አብሮ የሚገባው ሳይበርቢት የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም ነበር። ሪፖርቱ ከጀርባው የኢትዮጵያን መንግሥት አመልክቷል። ዒላማው ዊንዶውስ ነበር፣ ሊኑክስ አልነበረም። ሊኑክስ ላይ ይህን ዓይነቱን ማታለያ ከባድ የሚያደርገው እኮ ማደሻ ከአንድ ጎተራ ብቻ ይመጣል የሚለው ልማድ ነው። በየሳምንቱ አዲስ ሪፖ የሚጨምር ሰው ያንን ልማድ በገዛ እጁ ያፈርሰዋል።

ሌላው የእኛ ጣጣ መስመሩ ራሱ ነው። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ፣ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ግድም ጠፋ። እንዲህ ባለ ጊዜ ፕሮግራም የሚሄደው በፍላሽ ነው። ታዲያ ያ ሁሉ የማኅተም ሰንሰለት የሚሠራው ፓኬጁ ከሪፖ ሲመጣ ብቻ ነው፤ ከፍላሽ ላይ ተነስቶ በእጅ የሚጫን የዴብ ፋይል ማኅተሙን ማንም አይጠይቀውም። ከባልትና ቤት የተገዛ በርበሬ ቢያንስ ማሸጊያው ላይ ስም አለው። በፌስታል የመጣው ሸክላ ይኑርበት አይኑርበት የሚታወቀው ወጡ ከተሠራ በኋላ ነው።

ዋናውን ጎተራ መልአክ አድርጌ እንዳልተው ግን ሁለት ነገር ልጥቀስ። በ2006 የዴቢያን ሰው የምስጢር ቁልፍ በሚሠራው በኦፕን ኤስኤስኤል ላይ ሁለት መስመር አጠፋ፤ በቅንነት ነበር። እስከ ሜይ 2008 ድረስ በዴቢያንና በኡቡንቱ ላይ የተሠሩ ቁልፎች ለእያንዳንዱ ዓይነትና መጠን ከ32,768 አማራጭ የማይበልጡ ሆነው ቆዩ፤ ሌባ ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ ሊቆጥራቸው ይችላል። ሁለተኛው በማርች 2024 የታየው የኤክስዚ፣ የፋይል መጭመቂያው፣ ጉዳይ ነው። ጂያ ታን በሚል ስም የቀረበ ሰው የደከመውን የፕሮግራሙን ጠባቂ ከሁለት ዓመት በላይ እየረዳ፣ ሌሎች ስሞች ደግሞ ከጎን «ቶሎ ለሌላ አስረክብ» እያሉ ሲጎተጉቱ፣ ቁልፉን ተረከበ፤ ወደ ኤስኤስኤች የሚያስገባ ድብቅ በር ሠራ። እሱም ውርስ ነው። የተደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ የኤስኤስኤች መግቢያው በግማሽ ሴኮንድ መዘግየቱ ስላሳሰበው ነው። በዚያን ጊዜ የተበከለው እትም የዴቢያን መሞከሪያ ክፍሎች ድረስ ደርሷል፤ የረጋው እትም ውስጥ ግን አልገባም። የጎተራው ዝግታ፣ ሁላችንም የምናማርርበት ዝግታ፣ ያን ጊዜ አዳነን። በሚገባቸው ሰዎች ዓይን ፊት ለሳምንታት የሚቆይ ፓኬጅ አንድ ሰው ማታ ጭኖ ጠዋት ከሚያድለው ጋር አንድ አይደለም።

ስናፕና ፍላትፓክ ይህን ሁሉ ያስቀራሉ የሚሉ አሉ። ፕሮግራሙን በአጥር ውስጥ ማስኬዳቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ሩትነቱን ይነጥቁታል። ያም ሆኖ በ2024 ከስናፕ መደብር የክሪፕቶ ቦርሳ መስሎ የገባ ሐሰተኛ ፕሮግራም የአንድን ሰው 9 ቢትኮይን ወስዷል። አጥሩን መስበር አላስፈለገውም፤ ሰውዬው ሚስጥራዊ ቃሎቹን ራሱ ጻፈለት።

ወደ ሱቁ እንመለስ። ከማናውቃቸው ከአራቱ አንዱ ባዮኒክ ለሚባለው፣ ድጋፉ ላበቃው የኡቡንቱ 18.04 የተጻፈ ነበር። ሁለተኛው አድራሻው አይከፍትም። ሦስተኛው የስክሪን መቅጃ ነው፣ ሱቁ ውስጥ የሚፈልገው የለም። እነዚህን ሰረዝን። ሪፖውን መሰረዝ ግን ያመጣውን ፓኬጅ አያስወጣም፤ ከእሱ የገቡት እየተፈለጉ አንድ በአንድ ወጡ፣ በዋናው ጎተራ የሚገኙት በዚያ ተተኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብን፣ መሀል ላይ ሁለት ደንበኛ ተመለሰ። ጊዜው ያለፈበት ቁልፍ የፕሪንተሩ ነበር። በአምራቹ ገጽ ላይ አዲሱን አገኘን፣ አሻራውን ልጁ ጮክ ብሎ እያነበበ እኔ ከስክሪኑ ጋር አስተያየሁ፣ ለዚያ ሪፖ ብቻ እንዲያገለግል አድርገን አስገባነው። የቴሌግራሙን መመሪያ አጠፋው።

አራተኛው ቀረ። የአንድ ግለሰብ ፒፒኤ ነው፣ ስሙ ከቁጥር ጋር፤ ከእሱ የተጫኑት ሁለት ፓኬጆች ስማቸው ምንም አይነግርም። ኮምፒውተሮቹን የጫነው ልጅ አሁን ዱባይ ነው። ባለ ሱቁ ፋይሉን ፎቶ አንስቶ ላከለት። ማታ የድምፅ መልእክት መጣ፦ «ወንድሜ፣ ምን እንደሆነ ረስቼዋለሁ። ግን እንዳትነካው፣ የሆነ ነገር ይበላሻል።»

በማግስቱ ነካነው። የፋይሉን ስም ቀይረን ሥራ አስፈታነው፣ ሁለቱንም ፓኬጆች አወጣን። ይሄው ሦስት ሳምንት ሆነው። ኮፒ ማሽኑ ወረቀት ይነክሳል፤ እሱ ግን ድሮም ይነክስ ነበር።